ሳያነብ የሰጠው አፉታ

እንደ ካሴት ቀጂው እንደ ኑርሁሴን ያለ ጠንቃቃ ሰው ደሴ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። ሸዋ በር አጠገብ ያለችውን ጠባብ ሱቁን ሲከራይ ውሉን ደጋግሞ አስነብቦ፣ ሦስት ምስክር አቁሞ፣ አሁንም እስክሪብቶውን ከማንሳቱ በፊት «ይቺ ‹ወዘተ› የምትለዋ ምን ምንን ትጨምራለች?» ብሎ አከራዩን በላብ ያጠመቀ ሰው ነው። ቴፕ ሲገዛ ሻጩን መስጊድ በር ድረስ ወስዶ አስምሎታል። የራሱ ኒካህ ላይ እንኳ የልጅቱን ወኪል «ድምፅህን ከፍ አርገህ ድገመው፣ ያኛው ምስክር አልሰማም» ብሎ ሠርገኛውን አስቋል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የዕድሜውን ትልቁን ውል አንድ መስመር ሳያነብ፣ አንድ ምስክር ሳያቆም፣ በአንዲት ጣቱ ተዋውሎ የተገኘው።

ትውልዱ ሐርቡ ነው። ኢሕአዴግ በገባ ማግሥት፣ አገሩ ሁሉ ነገ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን እያለ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን በደቀነበት ጊዜ፣ እሱ ኮምቦልቻ ወጥቶ ከአንድ ዘመዱ ሱቅ ጥግ ላይ ካሴት መቅዳት ጀመረ። ሥራው ሲያዩት ሥራም አይመስልም። በአንዱ በኩል የተቀዳው ካሴት ይገባል፣ በሌላው በኩል ባዶው፤ ቁልፉ ይጫናል፤ ከዚያ ቁጭ ነው። ግን የኑርሁሴን ቅጂ እንደ ሌላው አይንሿሿም፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ክሩ አያልቅበትም። የከባድ መኪና ሹፌሮች ለመንገድ የሚሆናቸውን ዘፈን፣ ሙሽሮች የሠርጋቸውን፣ ትልልቆቹ ደግሞ መንዙማቸውን ይዘው እሱ ዘንድ ይመጡ ጀመር። ሥራው ሲደረጅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ገባ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሸበተ።

አንዲት ካሴት ግን ነበረችው፤ ለማንም የማይቀዳት፣ ለገበያ የማያወጣት። የሼህ አብዱልወሀብ መንዙማ ናት።

ሼህ አብዱልወሀብ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ይኖሩ የነበሩ፣ የነቢዩን ውዳሴ ሲያወርዱት ጀማው እንባውን መግታት የሚያቅተው ሰው ነበሩ። ቴፕ ግን አይወዱም። ስንቱ ለምኗቸው እምቢ ብለዋል። ኑርሁሴን የጎረቤት ልጅ ስለሆነ፣ ደግሞም መለመን ስለማይታክተው፣ በ1986 መውሊድ ላይ አንዴ ብቻ ፈቀዱለት።

«ስማ ልጄ» አሉት። «የሰው ድምፅ ከባለቤቱ ጋር ነው፤ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል። አንተ ግን ለይተህ ልታስቀረው ነው። እንግዲህ አማና ነው። ቢጠፋ የምይዘው አንተን ነው።»

«መርሀባ ሼሆቼ፣ እኔን ይያዙኝ» አለ ኑርሁሴን፣ ቴፑን እያመቻቸ።

ያን ቀን የሼሁ ልጅ ኡሙሰልማ፣ ያኔ ለጋ ልጃገረድ፣ ወባ ጥሏት ከጓዳ ተኝታለች። አባቷ መንዙማውን ሲጨርሱ ዱዓ አደረጉ። ለአገሩ ዝናብ ለመኑ፣ ለታመመው ፈውስ ለመኑ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ያ ረቢ፣ ኡሙዬን አፊያ አርግልኝ» አሉ። ጀማው «አሚን» አለ። ይህ ሁሉ ካሴቷ ላይ ገባ።

ኡሙሰልማ ዳነች፣ ተዳረች፣ ኢስራ የምትባል ልጅ ወለደች፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። ልጇን ደሴ እህቷ ዘንድ ትታ ጅዳ ተሻገረች፣ የሰው ቤት ልትሠራ። ሼሁ ያረፉት እሷ እዚያ እያለች ነው። መርዶው የደረሳት በስልክ ነው፤ ያውም አፈሩ ከደረቀ በኋላ። ኑርሁሴን ለቤተሰቡ ብቻ የቀዳላቸው አንድ ቅጂም በትውስት ሲዞር ሲዞር የአንዱ ሰውዬ ቴፕ በላው። የቀረችው የኑርሁሴን ካሴት ብቻ ሆነች።

በ2004 አንድ ቀን ኡሙሰልማ ከጅዳ ደወለች። ያኔ ካሴት የሚባል ነገር ሞቷል፤ ኑርሁሴንም አንድ ኮምፒውተር ገዝቶ የሰው ሞባይል ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል።

«ወንድሜ፣ የአባቴ ድምፅ አንተ ዘንድ አለ አይደል?»

«አለ ወላሂ! የት ይሄዳል?»

«እዚህ የኛ ሴቶች ሁሉ ኸሞባይላቸው ላይ መንዙማ ይሰማሉ። የሰው አባት ስሰማ ሆዴ ይባባል። በአላህ፣ የኔን ላክልኝ።»

ኑርሁሴን ካሴቷን ከሳጥኑ አወጣት። የደሴ ጉም ሻጋታ አልብሷታል። በጥጥና በአልኮል ጠራረጋት፣ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ ክሩን አፍታታው፣ ሁለት ቦታ ሲበጠስበት በቀጭን ፕላስተር አያያዘው። ከዚያ ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከመጀመሪያው እስከ «አሚን» ድረስ አስገባው። ሲጨርስ ማጫወቻው ውስጥ ቡናማ ዱቄት ተራግፎ አየ። ካሴቷ ድምፁን ሰጥታ አለቀች ማለት ነው።

መላኩ ሌላ ጣጣ ሆነ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በኢሜይል አልሄድ አለ። ኢንተርኔት ቤት ያለች አንዲት ልጅ «ፋይል በነጻ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ ይጫኑትና ከየትም አገር ይከፈታል» አለችው። ነጻ መባሉ ደስ አለው። ገጹን ከፈተ፣ ስሙን ሞላ። ከዚያ አንድ ነገር መጣ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ወደታች ቢገፉት ቢገፉት የማያልቅ፣ ፊደሉ ለጉንዳን የተጻፈ የሚመስል። ከግርጌው አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ አጠገቧ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይላል። «ወዘተ» ምንን ይጨምራል ብሎ አከራይ በላብ ያጠመቀ ሰው፣ ይቺን ሳጥን ጠቅ አደረጋት።

አላነበበም። ቢያነብም እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል ነው። ግን ስንፍና ብቻ ነበር ብለን እንዳንፈርድበት። ለኑርሁሴን ውል ማለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ፣ በምስክር የሚደረግ ነገር ነው። ያቺ ሳጥን ውስጥ ሰው የለም። ማንም የሌለበት ነገር እንዴት ውል ይሆናል? እንደ በር መክፈቻ ቆጠራትና ገባ። ስንቶቻችን ነን ከዚህ የተሻልን? ይህን የሚጽፉትም እንደማናነብ ደህና አርገው ያውቃሉ፤ እንዲያ ባያውቁ ኖሮ ያን ያህል ባላስረዘሙት።

ጠዋት የጀመረው ጭነት፣ መብራት ሁለቴ ሄዶበት እንደገና እየጀመረ፣ የዐስር ሰላት ሰዓት ሲደርስ አለቀ። በማግሥቱ ኡሙሰልማ ደወለች። መጀመሪያ ኑርሁሴን የሰማው ለቅሶዋን ብቻ ነው። «ኡሙዬ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ኡሙዬ ብሎ ጠራኝ።» ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ፣ የሰው ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ፣ ወደ ስልኳ ማውረዱን ስለማታውቅበት ገጹን ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አባቷን መስማት ልማዷ ሆነ።

ኑርሁሴን ያን ሰሞን ደረቱ ነፋ ብሎ ነበር። አማናን ከዳር አድርሷል። አሁን የቀረው ያቺ የደከመች ካሴት ናት። ሱቁ ውስጥ እንዳይተዋት ጠባብ ነው፤ ወድቃ ትረገጣለች ብሎ ፈራ። የአላህ ስምና የነቢዩ ውዳሴ ያለበት ነገር ቆሻሻ ላይ አይጣል። ያረጀ የቁርአን ቅጠል ምን ይደረጋል? በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። እሱም እንዲያው አደረገ። ካሴቷን በነጭ ጨርቅ ጠቀለላት፣ መስጊዱ ግቢ ጥግ፣ የተበጣጠሱ ኪታቦች የሚቀበሩበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ ቀበራት። ይህን ሲያደርግ ክፉ ሥራ እየሠራ ነው ብሎ የሚገምት ማንም የለም፤ ያየው ሰው ሁሉ «አላህ ይቀበልህ» ነው ያለው።

በዓመቱ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት። የሚጠግነው ሰው «ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚያስፈልግህ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። ኑርሁሴን ትንሽ አሰበ። «ዘፈን ሞልቷል፤ ደግሜ እጭናለሁ» አለ። «የሼሁ ደግሞ እዚያ አለ።» እዚያ ሲል ጣቱን ወደላይ ቀሰረ፤ ኢንተርኔት ሰማይ ላይ ያለ ነገር ይመስለው ነበር።

ከዚያ 2009 ገባ። ያን ሰሞን ኢንተርኔቱ በየጊዜው ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ሲከፈትም ያነክሳል። አንድ ጁምዓ ኡሙሰልማ ደወለች።

«ወንድሜ፣ አባቴ አልከፈት አለኝ።»

«ኔትወርክ ነው፤ አብሽሪ» አላት።

«እዚህማ ሌላው ሁሉ ይከፈታል።»

«ኸዚህ ነው እንግዲያው። እዚህ ተዘግቷል።»

ይህን ሲላት ዋሽቶ አልነበረም፤ አምኖበት ነው። ያኔ በዚህ አገር የማይሠራ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነበር። በሚቀጥለውም ጁምዓ ደወለች፤ ኔትወርክ ነው። በዚያ በሚቀጥለውም። እየቆየ ሲሄድ ግን ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ይነካካው ጀመር፤ እሱም ላለማየት ፊቱን አዞረ። ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ በኋላ እንኳ ዛሬ ነገ እያለ ገጹን ሳይከፍት ሰነበተ። ኡሙሰልማም መጠየቅ አፍራ «ኔትወርኩ አልመጣም?» ማለቱን ቀነሰች። ወራት እንዲህ አለፉ።

በስተመጨረሻ አንድ ቀን ጨክኖ ከፈተው። የሚያውቀው ገጽ የለም። በነጭ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። ስልኩን አነሳና ኢስራን ጠራት።

የኡሙሰልማ ልጅ ኢስራ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ትማራለች። መጣችና ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተሩን ወደራሷ አዞረች።

«ጋሼ፣ ድርጅቱ በነጻ ማስቀመጡን አቁሟል ነው የሚለው። አስቀድመን በኢሜይል አሳውቀናል ይላል። ሲመዘገቡ የሰጡትን ኢሜይል ይከፍቱታል?»

«ኢሜይል? እሱን ኸዚያን ቀን ወዲያ አላየሁትም።»

የይለፍ ቃሉን ሲያስታውስ ሲስት ቆይተው ከፈቱት። መልእክቶቹ እዚያ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ ማንም ሳይከፍታቸው። ኢስራ አንድ በአንድ አነበበች። የመጀመሪያው ልንዘጋ ነውና ፋይላችሁን አውርዱ ይላል። ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። የመጨረሻውን ስታነብ ድምፅዋ ዝግ አለ።

«ምን አለ?» አላት።

«ከተዘጋም በኋላ ሦስት ወር እናቆይላችኋለን፤ ጻፉልንና እንመልስላችኋለን ይላል።»

«አልሃምዱሊላህ! እንጻፍላቸዋ!»

«አልፏል ጋሼ። ሦስት ወሩ ያለቀው ባለፈው ወር ነው።»

ያ ሦስት ወር ኑርሁሴን ኔትወርክ ነው ሲል የከረመበት ነው። አንድ ጁምዓ ብቻ፣ አንዱን ብቻ፣ «እስቲ ልየው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሼሁ ዛሬ ይናገሩ ነበር። ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨው ይኸው ነው።

«እሺ» አለ ቆይቶ፣ ቁጣ ቁጣ እያለው። «የሰው አማና ይዞ ማጥፋት እንዲህ ቀላል ነው? አይጠየቁም? አንቺ ሕግ ትማሪ የለም?»

ኢስራ ያን ማለቂያ የሌለውን ጽሑፍ ፈልጋ አወጣችው። «ይኸውልዎ፣ የተስማሙበት ይኸ ነው። ‹አገልግሎቱ እንዳለ የሚቀርብ ነው› ይላል። ቢሠራም ባይሠራም ዋስትና የለንም ማለት ነው። ቀጥሎ ‹ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ፋይል ኃላፊ አንሆንም፤ የራስን ቅጂ መያዝ የተጠቃሚው ድርሻ ነው› ይላል።»

«ተጠቃሚው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። ከዚያ ደግሞ ‹ኃላፊነት አለባችሁ ብንባል እንኳ የምንክሰው ደንበኛው ከከፈለን አይበልጥም› ይላል። እርስዎ ምን ከፍለዋል?»

«ነጻ ነው ብለውኝ! ምን እከፍላለሁ?»

«እንግዲያው ከምንም አይበልጥም።»

ኑርሁሴን ሳቅ የመሰለ ነገር አሰማ። ኢስራ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሱቁን ማስታወቂያ አየች፤ እሱም ዓይኗን ተከትሎ አየው። በራሱ እጅ የጻፈው ነው፤ «ከሱቅ ከወጣ በኋላ ለሚደርስ ብልሽት ተጠያቂ አይደለንም» ይላል።

«ኧረ እሱ እንዲያው ነው የተጻፈው!» አለ ቶሎ ብሎ። «ሰው ተበላሸ ብሎ ሲመጣ ሁልጊዜ እቀይርለታለሁ። ፊቱን እያየሁ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«እነሱ ግን እንዲያው አልጻፉትም፤ ፊትዎንም አያዩም» አለች ኢስራ። ልታስከፋው ብላ አልነበረም። «ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሰው እንዲህ ያለ አንቀጽ እንደማይከልለው በኛ ሕግ ተምረናል። እነሱ ግን ደጋግመው ነግረዋል። እንካሰስ ቢባልም በነሱ አገር ፍርድ ቤት ነው፤ እሱንም እዚሁ ተስማምተውበታል።»

ኑርሁሴን ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ይኸ እኮ አፉ በለን ነው» አለ።

እኛ አገር ሰው ሐጅ ሲነሳ፣ ወይ ሞት አልጋ ላይ ሲሆን፣ ወይ ከጎረቤቱ ሲጋጭ አፉ በሉኝ ይላል። ይህን በድዬሃለሁ፣ ሐቅህ አለብኝ፣ ተውልኝ ማለት ነው። ተበዳዩም የተበደለውን አውቆ፣ የበዳዩን ፊት አይቶ፣ ቢችል አፉ ብዬሃለሁ ይላል። ገና ሳይበድል አስቀድሞ አፉ በለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ጤናውን እንጠይቅለት ነበር። እነዚህ ግን አስቀድመው ጠየቁ፤ ኑርሁሴንም ምን እንደሚያጠፉበት ሳያውቅ፣ ማን እንደሆኑ ሳያይ፣ አፉ አላቸው።

«የራሴን ሐቅ ቢሆን ደግ» አለ ለኢስራ። «እኔ እኮ አፉ ያልኳቸው በእናትሽ ሐቅ ነው። በአያትሽ ሐቅ ነው። ማን ወከለኝ? ምን አገባኝና ነው የሰው ሐቅ የምለቅ?»

ኢስራ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከብዷት ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

በማግሥቱ ከዙህር ሰላት በኋላ አካፋ ይዞ መስጊዱ ግቢ ሄደ። የደሴ ክረምት ስንቴ እንደዘነበበት አስቡት። ጨርቁ ጠቁሮ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። ካሴቷን አወጣት፤ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ የጭቃ ድብልብል ሆኗል። ሲነካው ይፈረፈራል። እሱ ግን ጉድጓዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ክሩን ሊለይ ሲታገል አመሸ። አንድ ጣት የሚያህል እንኳ ሳይበጠስ አልወጣለትም። የግቢው ዘበኛ መጥቶ ምን ጠፍቶህ ነው ሲለው «ሰው ነው የጠፋኝ» አለውና መልሶ ቀበራት።

ለኡሙሰልማ በስልክ ሊነግራት ስንቴ አስቦ ተወው። ኢስራንም እንዳትነግራት ተማጸናት፤ እኔው ፊቷን አይቼ እነግራታለሁ አላት። ምክንያትም አላጣም፤ ያን ዓመት ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን በምሕረት ውጡ ብላ ስለነበር ኡሙሰልማ ልትመጣ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደረሰች፤ ሁለት ሻንጣ ይዛ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ቤት ተከራየች።

ኑርሁሴን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐረጎን ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲያሰናዳ ነበር፤ ድርጅቱን ሊያማ፣ ኔትወርኩን ሊያማ፣ መንግሥትን ሊያማ። በሩ ላይ ስታየው ግን ፊቷ በርቶ «ወንድሜ! የአባቴ ወዳጅ!» ብላ ተቀበለችው፤ ያሰናዳው ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ሳይቀመጥ ነገራት። የድርጅቱን ነገራት፣ የሳጥኗን ነገራት፣ ካሴቷን መቅበሩን ነገራት። ከሁሉ የከበደውን፣ ሦስት ወር ሙሉ ኔትወርክ ነው እያለ ሲያዘናጋት መክረሙንም ሳይሸሽግ ነገራት።

ኡሙሰልማ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ።

«በደንብ ተነግሮህ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ተነግሮኝ ነበር። አላነበብኩም።»

«እኔም እኮ በየጁምዓው ነግሬህ ነበር።»

ይህ ቃል ከሁሉ አብልጦ ወጋው። «አፉ በይኝ» አላት፣ ተንበርክኮ። «በአላህ ኡሙሰልማ፣ አፉ በይኝ።»

«ተነስ» አለች። «ተነስ እንጂ ወንድሜ! ላንተ አይገባም።» ከተነሳ በኋላ ዓይኑን እያየች፣ ቃሏን እየመረጠች ተናገረች። «የራሴን አፉ ብዬሃለሁ። ኸልቤ ነው፤ በቂያማ ቀን አላህ ፊት አልጠይቅህም። የአባቴን ግን አፉ ልልህ አልችልም። የሱ ሐቅ ነው፣ የኔ አይደለም። እሱን ራሱን ጠይቀው።»

ኑርሁሴን ራሱን ነቀነቀ። እውነቷን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በሰው ሐቅ አፉ ብሎ ነው እዚህ የደረሰው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አብረው ሐርቡ ወረዱ። ከመኪና ወርደው በማሽላው መሀል ባለው ጠባብ መንገድ ሄዱ፤ እሷ ጉልበቷ ሲይዛት እየቆሙ። የሼህ አብዱልወሀብ መቃብር ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው፤ ድንጋዩን ሣር ወርሶታል። ኡሙሰልማ ሣሩን በእጇ ነቃቀለች፣ ዱዓ አደረገች፣ ከዚያ ፈቀቅ ብላ ቦታውን ለኑርሁሴን ለቀቀችለት።

ኑርሁሴን ተንበረከከ። «ሼሆቼ» አለ። «ኑርሁሴን ነኝ። የሰጡኝን አማና አጥፍቻለሁ። ዘራፊ አልወሰደብኝም፤ በቸልታዬ ነው። በማላውቀው ነገር ተስማምቼ፣ ስነቃም ፈርቼ ተኝቼ ነው። አፉ ይበሉኝ።» ከዚያ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ እሱም አያውቅም። ነፋስ ማሽላውን ያንሿሿዋል፤ ከሩቅ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይጮሃሉ። ሌላ ምንም የለም።

ኡሙሰልማ ከኋላው፣ ከሾላው ግንድ ተደግፋ፣ የአባቷን መንዙማ ለስለስ አርጋ ጀመረች። ሁለት ስንኝ አለችና አቆመች። ኑርሁሴን ዞሮ ሲያያት ዓይኗ ተጨፍኗል።

«ጠፋሽ?» አላት።

«ግጥሙማ አልጠፋኝም። አንድም ቃል አልጠፋኝም» አለች። «ግን ሰሞኑን አባቴን ልስማው ብዬ ዓይኔን ስጨፍን፣ ኡሙዬ ብሎ እንዲጠራኝ ስጠብቅ፣ የሚመጣልኝ የራሴ ድምፅ ነው።»

ኑርሁሴን ለዚህም አፉ በይኝ እንዳይላት፣ ይህ እንደሚከተል ሳታውቅ የራሷን አስቀድማ አፉ ብላዋለች።